ብርሃኑ እስኪያልፍ

ሴት ልጅ የምትወደው ሰው ፊቷ ቆሞ «ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ?» ሲላት አንደበቷ የሚታሰረው ለምንድን ነው?

ሪስተን ይህን ጥያቄ ታቅፋ በአክስቷ ቤት መስኮት ሥር ከተቀመጠች ሰንብታለች። መልሱ ከመጽሐፍ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ባገኘችው ነበር። ገና በልጅነቷ በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ካለችው ከካውቶኬይኖ ወጥታ በሩቅ የደቡብ ከተሞች ስትማር ያልገለጠችው መጽሐፍ የለም። በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው የሰሜን ብርሃን ከፀሐይ በሚነፍስ ነፋስ እንደሚቀጣጠል፣ አረንጓዴው ከየትኛው ከፍታ፣ ቀዩ ከየትኛው እንደሚወርድ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። የገዛ ዝምታዋ ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ መስኮቱን በዓይንሽ ልታቀልጪው ነው እንዴ?» አለች አክስቷ ኤሌ ከምድጃው አጠገብ፣ ከምትሰፋው ቀሚስ ላይ ቀና ሳትል።

«ሰማዩን እያየሁ ነው።»

«ሰማዩማ የትም አይሄድም። የሚሄደው ሌላ ነው፤ እሱም ሄዷል።» ኤሌ መርፌዋን ከወፍራሙ ጨርቅ ውስጥ መዝዛ አወጣች። «ተመስገን፣ አልተሰበረችም።»

ኤሌ እንዲህ ናት። ወንድሟና ሚስቱ ለሥራ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ትተዋት የሄዱትን ሕፃኗን ሪስተንን ያሳደገች፣ ላልተሰበረ መርፌ፣ ለተቀጣጠለ እንጨት፣ ሳይንቋቋ ለተከፈተ በር ሁሉ ተመስገን የምትል ሴት ናት። ሪስተን ተምራ ስትመለስ ይህ ነገር ያሳፍራት ነበር። አሁን አሁን ግን ትቀናበታለች። እሷ ራሷ ተመስገን ልትልበት የምትችለውን ነገር በገዛ ዝምታዋ ከእጇ አስመልጣለችና።

ኒላስን ያገኘችው በመከር መጨረሻ ነው። በሐይቅ ዳር ካሜራዋን በሦስት እግሩ አቁማ፣ ዓይኗ ጨለማውን እንዳይረሳ ግንባሯ ላይ ቀይ መብራት አስራ ሌንሱን ስታስተካክል፣ ከኋላዋ የወንድ ድምፅ መጣ።

«እመቤት፣ ያንን ቀይ መብራት አጥፊልኝ። ሴቶቼን እያስደነበርሽብኝ ነው።»

«የምን ሴቶች?»

«ዘወር በያ።»

ዘወር ስትል በጨለማው ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ዓይኖች አበሩ፤ የአጋዘን መንጋ።

«ባለ አራት እግሮቹን ማለቴ ነው» አለ ድምፁ። «ከሰው ሴት ይብሳሉ። አንዴ ካኮረፉ ተራራ ለተራራ ሲያስለምኑኝ ይከርማሉ።»

መብራቷን አጠፋች። የሚሰማት ሳቁ ብቻ ነበር። ፊቱን ያየችው በማግስቱ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ጨው ሲገዛ ነው። ድምፁን ቀድማ ስለወደደችው ፊቱ ባያምርም ይቅር ትለው ነበር፤ አምሮ ተገኘ። እሱም አወቃት። «ዛሬ መብራትሽን ረሳሽው» አላት፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

ከዚያ ወዲያ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ኒላስ ከመንጋው መልስ በሐይቁ ዳር ያልፋል። ቴርሞሱን ይዞ ይመጣል፤ አጠገቧ ይቆማል፤ ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ እስኪዘጋ አብሯት ይጠብቃል። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ዓይኖቻቸው ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ሰማይ አይተው እንደማያውቁ ሁሉ ፈጥነው ቀና ይላሉ።

ግን እዚያ አገር ሰው ሁሉ እኩል አይቆምም። አጋዘን ያለው አለ፤ የሌለው አለ። የሪስተን አያት የመጨረሻዎቹን አጋዘኖች ሸጠው መንደር ከገቡ ወዲህ ቤተሰቡ በግልገል ጆሮ ላይ የሚቆርጠው የራሱ የባለቤትነት ምልክት የለውም። የኒላስ እናት ራቭድና ግን ባሏን ከቀበረች ጀምሮ አንድ ትልቅ መንጋ በቃሏ የምታዝ፣ ስሟ ሲጠራ ወንዶች ቆብ የሚያስተካክሉላት ሴት ናት። በአንድ ሠርግ ላይ፣ የአጋዘን ሥጋው ወጥ እየቀረበ፣ ያን ሁሉ ሰው እያሰማች፣

«ፎቶ አንሺ ምራት ምን ታደርግልኛለች?» ብላ ነበር። «ክረምቱ ሲከፋ የአጋዘን ፎቶ ቀቅላ ልታበላኝ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሪስተንም አብራ ሳቀች። ከዚያም ሰማዩን ለማየት ብላ ወጣች፤ ያን ቀን ሰማዩ ግን ዳመና ነበር።

የባሰው ደግሞ ከራሷ አፍ የወጣው ነው። ሪስተን እንጀራዋ የሚወጣው ብርሃኑን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ኮረብታ ላይ አውጥታ ፎቶ ማንሣት በማስተማር ነው። አንድ ምሽት ላይ፣ ኒላስ የእንግዶቹን ጓዝ በበረዶ መንሸራተቻ ጎትቶ ባመጣበት ጊዜ፣ አንዱ እንግዳ ጠየቃት። «ብርሃኑ ሥር ካፏጨን ወርዶ ይወስደናል የሚሉት እውነት ነው?»

«ተረት ነው» አለች ሪስተን እየሳቀች። «ከፈለጋችሁ አፏጩ። ከላይ የሚሰማችሁ የለም።»

እንግዶቹ አፏጩ። ኒላስ ከኋላ ቆሞ ነበር። ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳብ አደረገ።

የሪስተን ሳቅ ወዲያው ጠፋ። ይህን ከአክስቷ ጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው፤ ብርሃኖቹ ሲመጡ አፍ ይዘጋል፤ ሴት ፀጉሯን ትሸፍናለች፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ እስኪያልፉ ድረስ ትንፍሽ አይባልም። ይቅርታ ልትለው አሰበች። ግን የተማረ ሰው ኩራት ከብርድ ይልቅ አፍ ያደርቃል። ሳትለው ቀረች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ጥር ላይ ዝናብ ዘንቦ፣ በላዩ ብርድ መታው። በረዶው እንደ ብረት ጠነከረ፤ አጋዘኖቹ በሰኮናቸው ቢጭሩት ቢጭሩት ከሥሩ ያለውን ግጦሽ ማግኘት አቃታቸው። እነ ኒላስ መንጋውን ይዘው ወደ ምሥራቅ፣ ስልክ ወደማይሠራበት ሜዳ ሊነዱ ተነሡ። እስከ ፋሲካ አይመለሱም። ለሪስተን ደግሞ በደቡብ ካለ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ደርሷታል። ፎቶ እንድታስተምር፣ ቤት እንደሚሰጧት፣ መልሷን ቶሎ እንደሚፈልጉ ይገልጻል። ሁለቱም የሌላውን መሄድ ያውቃሉ። ማንም አላነሣውም።

በሚሄዱበት ቀን፣ ገና ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር፤ ከዋክብቱ ግን ወጥተው አልቀዋል። ሪስተን ካሜራዋን በራሱ ጊዜ እየደጋገመ እንዲያነሣ አዘጋጅታ፣ እሷና ኒላስ ከፊቱ፣ በሐይቁ በረዶ ላይ ቆሙ። እሱ ለመንገድ የሚለብሰውን ከባዱን የአጋዘን ቆዳ ካባ ለብሷል። ያኔ ብርሃኖቹ መጡ። እንደ ወትሮው በሰሜን በኩል ቀስ ብለው አልነበረም፤ ልክ ከራሳቸው በላይ፣ ሰማዩ እንደተቀደደ ጨርቅ ተከፍቶ፣ አረንጓዴው እየተጥመዘመዘ፣ ጫፉ ሐምራዊ እየሆነ ወረደባቸው።

ኒላስ ወደ ሰማዩ አላየም።

«ሪስተን» አለ። «እኔ ቃል አላበዛም። የእናቴን ነገር ለእኔ ተይው። ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ?»

ሪስተን ሻርፗን ከአንገቷ ላይ አንሥታ ፀጉሯን ሸፈነች። አንገቷን ደፋች። ዝም አለች።

«ሪስተን?»

ዝም።

አንዱን እግሩን አነሣ፣ መለሰ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ ተወው። ወደ ተራራው አየ፤ ወደ ጫማው አየ። በመጨረሻ «ገባኝ» አለ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። «ደህና ሁኚ።»

ብርሃኑ አልፎ ሰማዩ ሲጨልም፣ ሪስተን አፏን ስትከፍት፣ የመጣበት የበረዶ ላይ ሞተር ድምፅ እንኳ ከሩቅ አይሰማም ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ኒላስ፣ ተምራለችና ልማዳችንን ትታለች ብሎ፣ እኔም ስለ እሷ ብዬ ልተወው ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርሃኖቹ ሥር ተናገረ። ሪስተን ደግሞ፣ ያን ቀን ከእንግዶች ጋር ያቃለልኩትን ልማድ ዛሬ ልጠብቅለት ብላ ዝም አለች። እሱ ለእሷ ሲል ጣሰው፤ እሷ ለእሱ ስትል ጠበቀችው። በዚያው ተላለፉ።

ቢያንስ ሪስተን ለራሷ እንደዚያ ትላለች። ሌሊት ሌሊት ግን አንድ ሐሳብ ትራሷን ይጎረብጠዋል፤ ልማዱን ጠብቄ ነው? ወይስ ፈርቼ ነው?

* * *

«ተነሺ! ተነሺ!» አለች ኤሌ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከመስኮቱ እየሸሸች። «ራቭድና ወደ እኛ ቤት እየመጣች ነው! ዛሬ ዓሣ ዛፍ ላይ ሊወጣ ነው። ፀጉርሽን አበጥሪ።»

«ምን ፈልጋ?»

«እኔ ምኗ ነኝ? እንደ ፊቷ ከሆነ ልትበላሽ ነው።»

ራቭድና ሳታንኳኳ ገባች። ረጅም ናት፤ ቅንድቧ ላይ ውርጭ ተቀምጧል። ለኤሌ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና ከብብቷ አንድ ጥቅል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከአጋዘን እግር ቆዳ የተሰፋ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ቀይና ቢጫ ጥለት የዞረበት የሴት ጫማ ነበር።

«ውሰጂው» አለች። «ከሌላ ሰው እግር ጋር አይስማማም። አድርገሽው ወደ ደቡብሽ ሂጂበት።»

ሪስተን ጫማውን ነካችው። ስፌቱ ከፀጉር የቀጠነ ነበር። «እማማ ራቭድና… ልኬን ከየት አገኙት?»

«ከደጄ።»

«ከደጅዎ?»

«በኅዳር፣ ከሠርጉ በኋላ፣ ደጄ ድረስ መጥተሽ ቆመሽ ነበር። ሳታንኳኪ ተመለስሽ። ዱካሽ በበረዶው ላይ ቀረ። በክር ለካሁት።»

ኤሌ የያዘችውን ቀሚስ ቀስ ብላ ጭኗ ላይ አወረደችው።

«ያን ሁሉ ሰው እያሰሙ ሰደቡኝ እኮ» አለች ሪስተን።

«ሰደብኩሽ! ታዲያስ? ቆዳ ሳይታሽ ይለሰልሳል እንዴ? እንደማትሰበሪ ልይ ብዬ ነው። አንቺም መልስ ትሰጪኛለሽ፣ ሰው ይስቃል፣ ያልቃል ብዬ ነበር። አንቺ ወጥተሽ ዳመና ታያለሽ!» ራቭድና ወንበር ሳታይ ተቀመጠች። «ክረምቱን ሙሉ ይህን ስሰፋ ከረምኩ። ልጄም ክረምቱን ሙሉ ያንቺን ዮይክ ሲያንጎራጉር ከረመ።»

ሪስተን ቀና አለች። እዚያ አገር ሰው ለራሱ ዮይክ የሚባለውን ዜማ አያወጣም፤ የሚወድደው ሰው ነው የሚያወጣለት። ዜማው ስለዚያ ሰው የሚያወራ አይደለም፤ ዜማው ራሱ ያ ሰው ነው። ለሪስተን በሕይወቷ ማንም አውጥቶላት አያውቅም።

«የእኔን?»

«ታዲያ የማንን? ጆሮዬን አቃጠለው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያቆመዋል፤ መጨረሻው ገና አልገባኝም ይላል። ባለፈው ሲሄድ ግን ጭራሽ አላንጎራጎረም።» የሴትየዋ ዓይን እርጥብ ሆነ፤ ድምፅዋ ግን አልላላም። «ለምን ዝም አልሽው? አልፈልግም በይው እሺ፤ ሰው ነው፣ ይሰማል። ሰውን እንደ ግንድ አቁሞ ዝም ማለት ምን ይሉታል?»

«ብርሃኖቹ በላያችን ነበሩ።»

ራቭድና ወደ እሷ ዘንበል አለች።

«ምን አልሽ?»

«ብርሃኖቹ። ልክ ከራሳችን በላይ። ሊወርዱብን ምንም አልቀራቸውም። ፀጉሬን ሸፈንኩ፤ እስኪያልፉ ልጠብቅ ብዬ… እሱ ግን ሄደ።»

ራቭድና መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሪስተን አለቀሰች ብላ ደነገጠች፤ ለካ ሳቅ ነበር።

«በብርሃኖቹ ሥር ጠየቀሽ? የኔ ልጅ? እኔ ያሳደግሁት?»

«ኧረ እግዜር ይቅር ይበለው» አለች ኤሌም ሳቋን መያዝ አቅቷት። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል አልሰማም እንዴ?»

«በጥር የምን ዝንብ አለ? የእሱ አፍማ ተከፍቶ ጨረቃ ሊገባበት ነበር! ደደብ! እኔ እናቱ ሐምሳ ዓመት ሙሉ በብርሃን ሥር ተሳስቼ ያላስነጠስኩ!» ራቭድና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ሳቋ ቀስ በቀስ በረደ። ሪስተንን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ሪስተን እንዲህ ያለ አስተያየት ከዚህች ሴት ዓይን አግኝታ አታውቅም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። እውነቱን ንገሪኝ። ልማድሽን ጠብቀሽ ነው ዝም ያልሽ? ወይስ ፈርተሽ?»

ሪስተን ጫማውን አንሥታ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ልማድ ጥሩ መደበቂያ ነው» አለች ራቭድና። «እኔም ወጣት ሳለሁ ተደብቄበታለሁ። አልፈርድብሽም። ግን አንቺ ራስሽ ማወቅ አለብሽ። ሳታውቂ ብትቀሪ ለእሱም ላንቺም አይሆንም።» ብድግ አለች። «ያሉበት ቦታ ስልክ አይሠራም። አልፎ አልፎ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውልልኛል። ልትጽፊለት ከፈለግሽ ያኔ ይደርሰዋል። እኔ አልነግረውም፤ በእናት አፍ የሚነገር ነገር አይደለም።»

በሩ ላይ ዞር አለች።

«ጫማው ውስጥ እግር የሚያሞቀውን ደረቅ ሣር ጥቅጥቅ አድርጊበት። በደቡብ ካልሲ እንዳታበላሺብኝ።»

በሩ ሳይንቋቋ ተዘጋ። «ተመስገን» አለች ኤሌ። ሪስተን ግን ጫማውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ የሌላዋን ሴት ዱካ በክር ስትለካ ይታያታል። ሳታንኳኳ የተመለሰችበት በር ለካ ያን ጊዜውኑ ተከፍቶላት ነበር።

* * *

ያን ቀን በሐይቁ ላይ የተነሡትን ፎቶዎች እስካሁን አላየቻቸውም፤ ማየት ፈርታ ነበር። አሁን በክፍሏ ኮምፒውተሯን ከፈተችና አንድ በአንድ ታልፋቸው ጀመር።

ካሜራ በጨለማ ውስጥ ዓይኑን ረዘም አድርጎ ይከፍታል። ሳይነቃነቅ የቆመ ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ የተነቃነቀ ግን ጭስ ይሆናል። ሪስተን ይህን ለእንግዶቿ ስንት ጊዜ ተናግራዋለች። «መታየት የሚፈልግ ትንፋሹን ይያዝ» ትላቸዋለች።

ብርሃኑ እንደ ታየው ነበር፤ እንዲያውም ከታየው በላይ። ከሥሩ ሁለት ሰዎች። አንደኛዋ ፀጉሯን በሻርፕ የሸፈነች፣ አንገቷን የደፋች፣ እንደ ድንጋይ ጥርት ያለች ሴት። ከአጠገቧ ግን ኒላስ ጭስ ነው። ፊቱ የለም፤ በትከሻው ውስጥ ከዋክብት ይታያሉ። ያ ሁሉ መወላወሉ፣ እግር ማንሣት መመለሱ፣ ወደ ተራራ ወደ ጫማው ማየቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆ እንደ ትንፋሽ ሆኗል። ሪስተን ማያ ገጹን በጣቷ ነካችው። እንዲህ ነበር እንዴ የጨነቀው?

ከዚያ አንድ ነገር አየች።

ከኒላስ አካል ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ጥርት ብሎ ወጥቷል። የካባው እጅጌ ጫፍ። የቆዳው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያ ቦታ ያልተነቃነቀው በራሱ አይደለም፤ አንድ እጅ ጭምቅ አድርጎ ስለያዘው ነው። ወፍራም ቀይ ጓንት ያጠለቀ የሴት እጅ።

የእሷ እጅ።

ቀጣዩን ፎቶ ከፈተች። ይዛዋለች። ቀጣዩን። ይዛዋለች። «ገባኝ» ያለበት መሆን አለበት፣ ጭሱ ወደ ኋላ የተሳበበት ፎቶ ላይ እንኳ፣ ክንዷ ተዘርግቶ፣ ጣቶቿ የካባውን ጫፍ እንደጨበጡ ናቸው።

መያዟን አታስታውስም። እሱም በዚያ በወፍራሙ ቆዳ ላይ አልተሰማውም። ብርዱ፣ ካባው፣ ጓንቱ፣ ሁሉም በመካከላቸው ነበሩ። ግን ልማድ ዝም በይ ሲላት፣ ፍርሃት ሽሺ ሲላት፣ እጇ ማንንም ሳያማክር መልስ ሰጥቶ ነበር። የፈራ ሰው ይለቃል። እሷ አልለቀቀችም።

ሪስተን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓመታት ሙሉ ሰማዩን ለማየት ብላ ያነገበችው ካሜራ፣ ያን ቀን ጎንበስ ብሎ እሷን አይቷት ነበር። «ተመስገን» አለች ጮክ ብላ። ከአፏ ሲወጣ ሰማችውና አላፈረችበትም።

ለደቡቡ ትምህርት ቤት ጻፈች። ስለ ደግነታቸው ከልብ አመሰገነች፤ እንደማትመጣም ነገረቻቸው። የኒላስን መልስ አልጠበቀችም። ቢመጣም ባይመጣም፣ እጇ የመረጠው እዚህ እንደሆነ አውቃለች፤ ይህን በሰው መልስ ላይ ማንጠልጠል አልፈለገችም።

ከዚያ ስልኳን አነሣች። «ኒላስ፣ ያን ቀን» ብላ ጀመረችና አጠፋችው። ሁሉንም ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ስለ ልማዱ፣ ስለ እንግዶቹ፣ ስለ ጫማው። ግን እሱ ራሱ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ፎቶውን አያያዘችና ከሥሩ ሁለት ቃል ጻፈች።

«እጄን እይ።»

ላከችው።

* * *

ያን ቀን መልስ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ኤሌ ስልኩን ከእጇ ቀምታ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። «ሊጥም እንኳ እየነካካሽው ኩፍ አይልም» አለቻት። «ውጪ። ሰማዩ ጠርቷል።»

ሪስተን አዲሱን ጫማ አጠለቀች። ሣሩን የሞላችበት መንገድ ኤሌን አሳቃት። «ይህ ጫማ ነው ወይስ የወፍ ጎጆ?» ብላ ተንበርክካ በራሷ እጅ አስተካከለችላት። ሙቀቱ ከእግሯ ተነሥቶ ደረቷ ድረስ ደረሰ።

በሐይቁ ላይ ካሜራዋን አቆመች። ብርሃኑ ገና ከአድማሱ ብቅ ሲል፣ ከሩቅ የበረዶ ሞተር ድምፅ ሰማች። እየቀረበ መጣ። ከዚያ ብርሃኖቹ ተነሥተው ከራሷ በላይ ሲዘረጉ፣ የሞተሩ ድምፅ በድንገት ጠፋ። አንድ ሰው፣ በብርሃኖቹ ሥር ጫጫታ ላለማሰማት፣ ገና ከሩቅ ሞተሩን አጥፍቶ በእግሩ እየመጣ ነው። በረዶው ከጫማው ሥር ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

ቁልፉን ተጫነች። ካሜራው አልመለሰም። ባትሪውን ብርዱ ገድሎታል። በክረምቱ ከታዩት ሁሉ የሚበልጠው ብርሃን ሰማዩን ሞልቶ ሳለ፣ አንድም ፎቶ አላነሣችም። «ተመስገን» አለች በልቧ። ዛሬ ለማየት ዓይኗን ማንም አይሻማትም።

ኒላስ አጠገቧ ቆመ። ሽፋሽፍቱ በውርጭ ነጥቷል፤ ከንፈሩ በመንገድ ብርድ ተሰነጣጥቋል። ወደ ሰማዩ አላየም። ወደ ፊቷም አላየም። ጎንበስ ብሎ ቀይ ጓንቷን አየ።

አፉን ከፈተ።

ሪስተን ቀና ብላ አየችው። አፉን ዘጋው። ቆቡን አስተካከለ። የራሱን ጓንት አወለቀና፣ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ጓንት ውስጥ አስገባ። እጁ በረዶ ነበር። ሪስተን ጨብጣ ያዘችው፤ በጓንቱ ውስጥ የደሙን ምት ሰማችው። የእሱም ጣቶች ጨበጧት። አንዳቸውም ሳይነቃነቁ፣ አንዳቸውም ትንፍሽ ሳይሉ፣ ብርሃኑ እስኪያልፍ ቆሙ። ብርሃኑም የዚያን ቀን ለማለፍ አልቸኮለም።

ዝምታ መልስ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር፣ ያን ጊዜ ታውቀው ነበር።

መልእክቱ እስከ ዛሬ በስልኳ ውስጥ አለ። አንድ ፎቶ፣ ከሥሩም «እጄን እይ» የሚል። ከዚያ በታች ምንም የለም። ኒላስ መልስ አልሰጠበትም።